«አሸነፈች» ያላለችው እታለም

እታለም ሩጫ ካቆመች ዓመታት አልፈዋል፤ የዛሬ ሰው የሚያውቃት በድምፅዋ ነው። ተወልዳ ያደገችው ቡሬ ዙሪያ ገጠር ነው። ለአንድ ክለብ አሥር ሺህ ሜትር ስትሮጥ ቆይታ የተረከዟ ጅማት ሲበጠስ ፍኖተ ሰላም መጥታ ተቀመጠች። እዚያ አንድ አነስተኛ የኤፍ ኤም ጣቢያ ለቃለ ምልልስ ጠራት። ጋዜጠኛው ክንዱ ጥያቄውን ሲያቀርብላት የእሷ ዓይን ግን ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን ከሚታየው ውድድር አልነቀል አለ።

«ይቺ ሰማያዊ የለበሰችው አሁን ትቀራለች» አለች በመሀል። «ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጥቷል።»

ሯጯ ከመታጠፊያው ሳታልፍ ቀረች። ክንዱ በሳምንቱ ደውሎ አብረን እንሥራ አላት።

መጀመሪያ ላይ የቢሮ ሰዎች በአነጋገሯ ሳቁ። የገጠሩ አድማጭ ግን ወደዳት፤ የራሱን ቋንቋ በሬዲዮ ሰማ። እሷም ሥራውን ለመደችው፤ የሯጭን እግር፣ ክንድና አተነፋፈስ አይታ ለማያየው ሰው ማሳየት ቻለች። አንድ ነገር ብቻ አብሯት ቀረ። ድሮ በአንድ የቡድን መምረጫ ውድድር ሦስተኛ ወጥታ ሳለ ስሟ ከቡድኑ ተሰርዞ ነበር። ማን እንደሰረዛት የነገራት የለም። አሰልጣኟን፣ አብራት የምታድረውን ጓደኛዋን፣ የክለቡን ሐኪም በየተራ ጠረጠረች። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲስቅላት እንኳ ምን ፈልጎ ይሆን ትላለች። ክንዱ «አንቺ እኮ ሰዓቱን ራሱ ትጠረጥሪዋለሽ» ይላታል።

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ በከተማው የጎዳና ሩጫ ተዘጋጀ። እታለምና ክንዱ ፒክአፕ ላይ ቆመው በስልክ በቀጥታ ያስተላልፋሉ። መንገዱ በዋናው አስፋልት ወደ ቡሬ አቅጣጫ ወጥቶ፣ ከአንድ ወፍጮ ቤት ማዶ ወደ ግራ ይታጠፍና በኮረኮንች ዞሮ ወደ ከተማ ይመለሳል። ከወፍጮ ቤቱ ወዲህም ወደ ግራ የሚያስገባ አቋራጭ አለ፤ ሯጮች እንዳይገቡበት አፉ ላይ በርሜል ቆሟል።

ከፊት ሦስት ሴቶች ነበሩ፤ የምትመራቸው ያምሮት የምትባል የዱርቤቴ ልጅ ናት። ከእነሱ ራቅ ብላ፣ ውዳሴ የምትባል የቡሬ ወጣት ብቻዋን ትከተላለች። ፒክአፑ ከመሪዎቹ ጋር ታጠፈ። ኮረኮንቹን ጨርሰው አስፋልቱን ሲይዙ እታለም ከፊት ለፊት የአንዲት ሯጭ ጀርባ አየች። ውዳሴ ናት።

እታለም ስልኩን ከአፏ አራቀች። «ይቺ በየት አለፈችን?»

«እኔ እንጃ። አውሪ፣ አየር ላይ ነን» አለ ክንዱ።

አወራች። ዓይኗ ግን ከልጅቷ አልተላቀቀም። የመጨረሻውን መስመር ክር በጥሳ ስትገባ ውዳሴ እጇን አላነሳችም፤ ወደ ኋላ ዞራ መንገዱን አየች። የሠራ ሰው እንዲህ አይዞርም ብላ አሰበች እታለም፤ የሚዞረው የሰረቀ ነው። ሕዝቡ ልጅቷን ትከሻው ላይ አወጣት። የጣቢያው ኃላፊ አቶ ስመኘው ከጎን ሆኖ «አሸናፊዋን በይልን» የሚል ምልክት በእጁ ሰጣት።

«ውዳሴ ገብረሰንበት» አለች እታለም ቀስ ብላ፣ «ከሁሉም ቀድማ... ገባች።»

ሌላ አልጨመረችም። ጎጃሜ ደግሞ ለነገር ጆሮ አለው። ከሰዓት በኋላ ገበያው ሁሉ «ገባች ነው ያለችው፣ አሸነፈች አላለችም» ይል ጀመር። ገሚሱ በባጃጅ ነው የመጣችው አለ። ገሚሱ እታለም ቀንታባት ነው አለ። አቶ ስመኘው ቢሮው አስጠርቶ «ማስረጃ አለሽ?» አላት።

«የለኝም።»

«ታዲያ የሰው ልጅ ስም በአንድ ቃል ታጠፊያለሽ?»

እታለም ግን ለምን እንዲህ ተቆጣ ብላ እሱንም ጠረጠረችው።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ጣቢያው በር ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ከኋላቸው ውዳሴ ዋንጫውን በነጠላ ጠቅልላ ይዛለች። እታለም ሊሰድቧት የመጡ መስሏት ከሩቁ ቆመች።

«እንደምን አደሩ፣ አባቴ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ገብረሰንበት እባላለሁ፣ የዚች አባት ነኝ። ተቆጥቼ አይደለም የመጣሁት። ልጄ ሌሊቱን አልተኛችም፤ ያቺ የሬዲዮዋ ሴት ዘንድ ውሰደኝ አለች።»

ውዳሴ ከመሬት ዓይኗን ሳታነሳ ተናገረች። «እትዬ፣ እኔ ማንንም አላለፍኩም። ከፊት ሦስት ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ሳላያቸው ገባሁ። ሩጫውን ትተው ወጥተው ይሆናል ብዬ ዞሬ አየሁ። ከዚያ ሰው ተሸከመኝ፤ ለመጠየቅ ፈራሁ። ከእርስዎ በፊት የተጠራጠረ ሰው የለም። ምን እንዳዩ እርስዎ ይንገሩኝ።»

እታለም ፊቷን መረመረችው። ይህም ዘዴ ሊሆን ይችላል አለች በልቧ፤ ከመያዝ በፊት ቀድሞ መጥቶ ማልቀስ። ቢሆንም ባጃጅ ጠርታ ሦስቱም ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄዱ።

ውዳሴ የሮጠችበትን በእግሯ እየረገጠች አሳየች። «እዚህ ጋ በርሜሉ አስፋልቱ መሀል ቆሞ ነበር። መንገዱ ተዘግቷል ብዬ ወደ ግራ ገባሁ።» በእጇ የጠቆመችው አቋራጩን ነው።

«በርሜሉ የቆመው አቋራጩ አፍ ላይ ነው» አለች እታለም። «በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

«እኔ ስደርስ እዚህ ነበር።»

መንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብስ አቻምየለሽ የምትባል ሴት ንግግራቸውን ሰምታ ኖሮ ማራገቢያዋን አስቀመጠች። «ሁለታችሁም እውነታችሁን ነው» አለች። «ፊተኞቹ እንዳለፉ የወፍጮ ቤቱ መኪና እህል ጭኖ ከአቋራጩ ወጣ። ጫኞቹ በርሜሉን ገፍተው አስፋልቱ ላይ አቆሙት። መኪናው ሄደ፣ በርሜሉ ቀረ። አስተናባሪው ልጅ ፊተኞቹን ሊያይ ሮጦ ሄዶ ነበር። ይቺ ብቻ አይደለችም፤ ከኋላ የመጡትም በዚያው ነው የገቡት።»

ገብረሰንበት ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ልጄ አልሰረቀችማ» አሉ።

«አልሰረቀችም» አለች እታለም። ቀጥሎ ያለውን ለማለት ጊዜ ወሰደባት። «አላሸነፈችምም፣ አባቴ።»

ውዳሴ ዋንጫውን ከነጠላው ፈታችና አየችው። ሳታለቅስ መልሳ ጠቀለለችው።

አቶ ስመኘው ነገሩ እንዲድበሰበስ ፈለገ፤ አዘጋጆቹ ይቀየማሉ አለ። እታለም ግን የአቻምየለሽን ቃል ቀድታ ይዛ ነበር፤ በቅዳሜው ዝግጅት አሰማችው። ከዚያም ራሷ ተናገረች፦ ያምሮት አሸንፋለች፤ ውዳሴ አላጭበረበረችም፤ ስለ ባጃጅ የወራው ሁሉ ሐሰት ነው፤ ለዚያ ወሬ በር የከፈተችው ደግሞ የእሷ የእታለም አንደበት ነው። ክንዱ ከመስታወቱ ማዶ ሆኖ አንገቱን ነቀነቀ፤ ይስማማ አይስማማ አልገባትም።

ዋንጫው ዱርቤቴ ሄደ። ከያምሮትና ከሁለቱ ተከታዮቿ በስተቀር የሌሎቹ ሯጮች ውጤት ተሰረዘ፤ የአንዷ እናት ገበያ ላይ እታለምን አስቁማ የወረደ ነገር ተናገረቻት። አዘጋጆቹም በሚቀጥለው ውድድር እሷን ፒክአፕ ላይ እንደማያወጡ ለጣቢያው አስታወቁ። ለወራት የተቀዳ ዝግጅት ብቻ ሠራች። ከመኪና የወረደችው በእውነቱ ምክንያት ነው ወይስ ክንዱ ቦታዋን ፈልጎ ነው እያለች አንድ ክረምት ሙሉ ስታብሰለስል ከረመች። ክንዱ ግን የአድማጮችን «ትመለስልን» የሚል ጥያቄ አሰባስቦ አቶ ስመኘውን ሲለማመጥ ነበር የከረመው። መስከረም ላይ ወደ ቀጥታ ስርጭት ስትመለስ ይህን የነገራት ሌላ ሰው ነው፤ እሱ አልነገራትም።

በኅዳር ውዳሴ ከቡሬ ደወለች። ባሕር ዳር ሮጣ አምስተኛ ወጥታ ነበር።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያን ቀን "ገባች" ሲሉ የጠረጠሩት መንገዱን ነው ወይስ እኔን?»

እታለም ማለስለስ ትችል ነበር። «አንቺን» አለች።

ከስልኩ ወዲያ ዶሮ ይጮሃል፣ አንድ ሰው ውኃ ይቀዳል።

«እኔም በእርስዎ ቦታ ብሆን እጠረጥር ነበር» አለች ውዳሴ። «ግን እኔ እጠይቅ ነበር።»

ቀጥላ ስለ ባሕር ዳሩ ዳገት ታወራት ጀመር፤ እታለምም ወንበሯን ስባ አዳመጠቻት።