የሶልያና ስም የተጠራበት በረሃ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ፌርፋክስ

የተነሳሁት ለሽርሽር አይደለም፤ እህቴን ከበረሃ ላመጣ ነው። ሰብለ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። ኮሪያታውን የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል ተጋርተን ነው የምንኖረው። ከሰመር ጀምሮ ቅዳሜና እሑድ መጥፋት አመጣች፣ በመጨረሻ "እኔ ፔጋን ነኝ" ብላ ቁጭ። ፀሐይንና ምድርን፣ የሞቱ ሰዎችንም የሚያከብሩ ሰዎች ናቸው አለችኝ። አክስታችን እትዬ ዘነበች ይህን ስትሰማ የቅመም ሱቋን ዘግታ ሁለት ቀን ተኛች።

ፌርፋክስ ያለው ሱቋ በር ላይ ፓርክ ሳደርግ እትዬ በፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ይዛ ወጣች።

"ሻይዋ ውስጥ ጠብ አድርጊላት። እንዳታውቅ!"

"እትዬ፣ መርዝ አስመሰልሽው እኮ።"

"ዝም በይ! ካልመጣች በሬን እንዳታንኳኳ በያት። የአረማዊ አክስት ተብዬ አልሞትም።"

እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ሰዎቹ አታለው ወስደዋታል ብዬ አምን ነበር።

መንገድ ላይ

አብራኝ ሬስቶራንት ከምታስተናግደው ልጅ በተዋስኩት ኮሮላ፣ ምስርና ጎመን አስጠቅልዬ፣ አሥር ቁጥር በሚባለው ፍሪዌይ ወደ ምሥራቅ ነዳሁ። መጋዘን፣ መጋዘን፣ ደግሞ መጋዘን። ከዚያ ተራራው ሥር ነፋስ የሚያዞራቸው ነጫጭ ምሰሶዎች መጡ። መኪና ውስጥ ብዙ መቀመጥ ስለማልችል ሁለቴ ቆምኩ፤ አንዴ ዝም ብዬ መኪናውን ለመዞር፣ አንዴ በወተት የተመታ የቴምር ሼክ ለመጠጣት። ስምንት ዶላር! ግን ጨረስኩት።

ሰብለ ለምን እንዲህ እንደሆነች መንገዱ ሙሉ ሳስብ ነበር። ፌብሩዋሪ ላይ ሴት ልጅ ወለደች። አባትየው ቀድሞ ጠፍቷል። ሕፃኗ ልቧ ደካማ ነበር፣ ሠላሳ አንድ ቀን ኖረች። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሳው፤ ነገሩ ድንገት ስለሆነ አልደረስንላትም። ስለዚህ ፍትሐት የለም፣ ተዝካር የለም። ሊያጽናኑ የመጡት "ልጅ ነሽ፣ ሌላ ይተካልሻል" ብለው ውሃ ጠጥተው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ "ያ ነገር" ነበር የምንለው። እኔማ ብሼ፣ ሰብለ ተኝታ ሳለ የሕፃኗን ልብስ በሁለት ፌስታል ከትቼ መንገድ ዳር ያለ የልብስ ዕርዳታ ሳጥን ውስጥ ወረወርኩት። እንዲቀላት ብዬ። ስትነቃ ባዶውን መሳቢያ ከፍታ ዘጋችው።

ከሰዓት በኋላ፣ በረሃው

ጥቁር ካባ ነበር የጠበቅኩት። ያገኘሁት አሥራ አምስት የሚሆኑ ፈረንጆች፣ ታጣፊ ወንበርና አንድ ትልቅ ድስት የባቄላ ሾርባ ነው። ድስቱን የምታማስለው ዶና ናት። ጡረታ የወጣች ነርስ ስትሆን፣ ሰብለ ቶራንስ ውስጥ ተቀጥራ የምትንከባከባቸው አሮጊት የዶና እናት ናቸው። ገና ሳያት አፋጠጥኳት።

"እህቴን ምን ብለሽ ነው የወሰድሻት?"

"ምንም አላልኳትም" አለች፣ ማማሰሉን ሳታቆም። "አንድ ጠዋት ዓይኗ አብጦ መጣች። ማን ሞተብሽ አልኳት። ነገረችኝ። ስሟስ ማን ነበር አልኳት። የት ነው የምትሰበሰቡት ብላ የጠየቀችኝ እሷ ናት።"

"አንቺስ እንዴት ገባሽበት?"

"ብዙ ሰው እጄ ላይ ሞቷል። ለእያንዳንዱ ግቢዬ ውስጥ አንድ ድንጋይ አስቀምጥ ነበር። እንዲህ የሚያደርጉ ሌሎች ሰዎች እንዳሉ፣ ፔጋን እንደሚባሉም ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እኔም ለካ እንደዚያ ነኝ አልኩ።"

ሾርባ ሰጠችኝ፣ በላሁ።

ሰብለም ከሰዎቹ መሃል መጥታ ሳመችኝ፤ ሻይ አፍልታ ዞር ስትል ጠርሙሱን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ተያዝኩ።

"ምንድነው?"

"ውሃ።"

"ውሃ እንደ ሌባ ነው የሚወጣው? እትዬ ናት አይደል?" ሳቀች። ጠርሙሱን ቀማችኝ፣ አማተበች፣ ግማሹን ጠጣች፣ የቀረውን ፊቷ ላይ ረጨችው። "ከእግዜር ጋር አልተጣላሁም እኮ። የተጣላሁት ከእናንተ ጋር ነው።"

ፀሐይ ስትገባ

ክብ ሠርተን ቆምን። አንድ ሰው የሞተበትን ሰው ስም ጠርቶ መሃል ላይ ድንጋይ ያስቀምጣል፣ ሌላው ሁሉ ስሙን ይደግማል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሰብለ ድንጋይዋን አስቀመጠች።

"ሶልያና። ሠላሳ አንድ ቀን።"

ያ ሁሉ ፈረንጅ ጮክ ብሎ "ሶልያና!" አለ። ከሞተች ወዲህ እኛ ቤት ያልተጠራው ስም በረሃውን ሞላው። የእኔ ተራ ሲደርስ የሟቹን አባቴን ስም ልጠራ ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ።

"ሶልያና" አልኩ። "አክስቷ ነኝ። ልብሷን የጣልኩት እኔ ነኝ።"

ሰብለ እጄን ጨብጣ ያዘችኝ። ማንም እመኚ አላለኝም፣ ማንም ወረቀት አልሰጠኝም። የእነዚያን ሰዎች ዕድሜ ያርዝምልኝ። እኛ ልንጠይቃት ያልቻልነውን ጠይቀውልኛል።

እሑድ፣ ተመልሼ ፌርፋክስ

ብቻዬን ተመለስኩ። ሰብለ ሰኞ ከዶና ጋር ወደ ሥራዋ ትገባለች። እኔ ፔጋን አልሆንኩም፣ ልሆንም አላስብም። ሰው እንዲህ ያለ መንገድ የሚይዘው ተታሎ ነው ብዬ ነበር የሄድኩት። እህቴን ግን ያታለላት የለም። ያመማትን ቦታ ስም የጠየቃት ሰው አገኘች፣ ተከተለችው። ቤት ውስጥ ቀድሜ ብጠይቃትስ ኖሮ? አላውቅም።

እትዬ ሱቋ ውስጥ በርበሬ እየመዘነች ነበር።

"የታለች?"

"ነገ ትመጣለች። ፔጋንነቱን ግን አልተወችም።"

"ጠበሉስ?"

"ቀምታኝ ጠጣችው።"

ከዚያ ስለ ድንጋዩና ስለ ስሙ ነገርኳት፣ ስለ ፌስታሎቹም ጭምር። ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

"ሶልያና" አለች ቀስ ብላ። "ሰማንያዋ ሊሞላ አርባ ዘጠኝ ቀን ነበር የቀራት።"

እሷም ስትቆጥር እንደከረመች አላውቅም ነበር።

"በዚህ በፔጋን ነገር አልስማማም። ትስሚያለሽ? አልስማማም።" እጇ በርበሬ ስለሆነ ዓይኗን በክርኗ ጠረገች። "በይ ደውዪላትና ጆሮዬ ላይ ያዢልኝ።"