የሚስተር ሆብስ ቴርሞስታት

ሰው በጨለማ ይጠፋል ይባላል፤ እኛ ከድሬ የወጣነው በቀትር ነው። መንገዱን ያሳየችን የኮንትሮባንድ ነጋዴ፣ «ሌሊት ኬላው ይነቃል። በስምንት ሰዓት ግን ጠባቂውም ጫቱን ይዞ ጥላ ውስጥ ነው» ብላ መከረችን። እውነቷን ነበር። ደረቁን የደቻቱን ወንዝ ስንሻገር አሸዋው በጫማዬ ውስጥ ያቃጥል ነበር፤ ያየችን አንዲት ፍየል ብቻ ናት። እናቴ ጎረቤት እንዳይጠረጥር እስከ በር እንኳ አልሸኘችኝም፤ ፊቷን አዙራ ልብስ ማስጣቷን ቀጠለች።

ወንድሜ ከሁርሶ የወታደር ማሰልጠኛ ስለጠፋ፣ የቀበሌያችን ሰዎች «የት ደበቅሽው?» እያሉ በየሳምንቱ ይጠሩኝ ነበር። እኔ ዓይን አፋር ነኝ፤ ሲጮሁብኝ የማውቀውም ይጠፋኛል። አብራኝ የወጣችው ሰዓዳ ግን የመጋላ ገበያ ልጅ ናት፤ ምላሷ ለሁለታችን ይበቃል። ጅቡቲ ላይ የሰው ልብስ እያጠብን፣ ወረቀት እየሞላን ቆየን። ሰዓዳ እዚያው አገባች፤ ባሏ መርከብ ላይ ተቀጠረ። በመጨረሻ ሁለታችን እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ የሚባል ከተማ ደረስን፤ ልጇ ረምላ የተወለደችው እዚህ ነው።

ቤት የተከራየነው ሚስተር ሆብስ ከሚባል ሰው ነው፤ እሱ ምድር ቤት፣ እኛ ፎቅ ላይ። በየክፍሉ ራዲያተር የሚባል ብረት አለ፤ ቦይለር የሚባል ማሞቂያ ያሞቀው ውሃ በውስጡ ሲዞር ክፍሉ ይሞቃል። ቦይለሩን የምታዘው ግን ከታች ኮሪደር ላይ የተሰቀለች ቴርሞስታት የምትባል ትንሽ ሳጥን ናት፤ ሲበርዳት ታስነሳዋለች፣ ሲሞቃት ታጠፋዋለች። ሚስተር ሆብስ በሽቦ መረብ ሸፍኖ ቆልፎባታል። የቧንቧው ሙቅ ውሃም ጠዋትና ማታ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሚለቀቀው። ድሬ በቀትር ቧንቧ ከፍተን ውሃው እስኪበርድ ስናፈስ የኖርን ሰዎች፣ እዚህ እስኪሞቅ እያፈሰስን ቆምን።

ረምላ ማሳል ጀመረች። ሐኪሟ «ክፍሉ ይሙቅ» አለች። ሰዓዳ ወረደች።

«ሚስተር ሆብስ፣ ልጄ ታስላለች። ክፍሉ በረዶ ነው።»

«ቴርሞስታቱ ቤቱ ሞቋል ይላል።»

«ለሱ ሞቆት ይሆናል። እኛ እሱ ውስጥ አንኖርም።»

«ሹራብ ደርቡላት።»

«ሦስት ለብሳለች። አራተኛውን አንተ ልበስላት።»

በሩን ዘጋ። እኔ ደረጃው ላይ ቆሜ ነበር፤ በሩ ሲዘጋ ከወጥ ቤቱ የወጣው ሙቀት ፊቴን መታኝ። ሳጥኗ የተሰቀለችው ከዚያ በር አጠገብ ነው። እናቴ የመጠጥ ውሃ እንዲቀዘቅዝ ጀሪካኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላ ነፋስ ላይ ታስቀምጠዋለች። ውሃን የሚያቀዘቅዝ ጨርቅ ሳጥንንስ ለምን አያቀዘቅዝም አልኩ። ካልሲዬን አርጥቤ በሽቦው ቀዳዳ አስገባሁ። ብዙም ሳይቆይ ቦይለሩ አጓራ፤ ረምላ በዚያ ቀን በአንድ ሹራብ ተኛች።

«አቦ ትርሲት፣ ምን አደረግሽው?»

«ጆንያ አለበስኩት።»

ሰዓዳን ሳቋ ወለሉ ላይ አስቀመጣት።

በአምስተኛው ቀን ሚስተር ሆብስ ቤቱ እንደ ምድጃ ነዷል ብሎ አርተር የሚባል ሽማግሌ ኤሌክትሪሻን አመጣ። ሚስተር አርተር ሽቦውን ከፍቶ፣ በየማለዳው እያረጠብኩ የምመልሰውን ካልሲ እየተንጠባጠበ በሁለት ጣቱ አወጣው።

«ማን ናት?» አለ ሚስተር ሆብስ። «ካልተናገራችሁ ቅዳሜ ሁለታችሁም ትወጣላችሁ።»

ሰዓዳ ልጇን ታቅፋ አፏን ልትከፍት ስትል፣ «እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

«ማን አስተማረሽ?» አለ ሚስተር አርተር።

«እናቴ።»

«መሐንዲስ ናት?»

«አይደለችም። ውሃ ታቀዘቅዛለች።»

ሽማግሌው ወደ ሚስተር ሆብስ ዞረ። «አንተ ድንች በቀቀልክ ቁጥር ሳጥኑ ይሞቀዋል፣ ፎቅ ያለው ሰው ይበርደዋል። የተሰቀለው ያለ ቦታው ነው።»

«እንግዲያው እሷ ታስተካክለዋ። ካልሠራ ዕቃዋን ትሸከም።»

ለማላገጥ ነው ያለው። ሚስተር አርተር ግን «ነገ ጠዋት ተዘጋጂ» አለኝ።

በማግስቱ የሳጥኗን አዲስ ቦታ እኔ መረጥኩ፤ ፎቅ ላይ፣ ፀሐይ የማይነካው፣ ከበርም ከራዲያተርም የራቀ ግድግዳ። ገመዱ በወለሉ ጣውላ ሥር ማለፍ ነበረበት፤ የሽማግሌው እጅ አልገባም፣ የኔ ገባ። ከመጀመራችን በፊት ኤሌክትሪክ እንዳይመጣብን ፊውዙን ነቅሎ ሰጠኝና፣ «ኪስሽ ይሁን። የሚሠራ ሰው ፊውዙን ለማንም አይሰጥም» አለኝ። የሽቦዎቹን ጫፍ ላጥኩ፣ በየቦታቸው አጠበቅሁ፣ ሽማግሌው እያንዳንዱን በጣቱ ሳብ ሳብ አደረገ። ከዚያ የሳጥኗን መዘውር አዞርኩ። ቀጭ አለች። ከታች ግን ምንም የለም።

ሚስተር ሆብስ ደረጃው ላይ እጁን አጣጥፎ፣ «ሻንጣ አለሽ?» አለኝ።

ሞቆኝ በማያውቀው በዚያ ቤት ላቤ ወረደ። ሚስተር አርተር ጣሪያውን እያየ ያፏጫል። ላቤን ልጠርግ መሐረብ ፍለጋ እጄን ኪሴ ስከት ጣቴ ፊውዙን ነካ። ወርጄ ቦታው መለስኩት። ደረጃውን ሳልጨርስ ቦይለሩ ተነሳ፣ ሰዓዳም እልልታዋን አቀለጠችው።

«ምን ሆነች?» አለ ሚስተር ሆብስ።

«ሞቋት ነው» አለው ሚስተር አርተር።

ትምህርቴን ሲጠይቀኝ ስድስተኛ ክፍል አልኩት። «እኔም ብዙ አልራቅሁም» አለና ሥራ አስገባኝ። ዛሬ የራሴን የመሣሪያ ሳጥን ይዤ በር አንኳኳለሁ። ሰዎቹ ከኋላዬ ባለሙያውን ይፈልጋሉ፤ «እኔ ነኝ» እላለሁ፤ አሁን ቶሎ ይወጣልኛል።

እናቴን በቀጠሮ ድሬ ስልክ ቤት አስጠራኋት።

«ምን ሥራ ያዝሽ?»

«ቤት አሞቃለሁ፣ እማ።»

መስመሩ ተንሿሿ። «ሙቀት አጥተሽ ነው ከድሬ የወጣሽው?» አለችና ሁለታችንም ሳቅን። ስለ ወንድሜ ጠየቅኋት፤ መስመሩን ሌላም ሰው ይሰማል ብላ ነው መሰለኝ፣ እንዳልሰማች ሆነች። ኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ማንም አይጮህብሽም?» አለች።

«አይጮሁም። እኔ ስናገር ዝም ብለው ይሰማሉ።»

«አንቺ ስትናገሪ?»

«አዎ፣ እማ።»

«እስቲ ተናገሪ፣ እኔም ልስማሽ» አለች፤ ኦፕሬተሯ ግን ጊዜው አልቋል አለችን።