ስም የተለጠፈበት ክሎሪን

ስቶር ኪፐር ሆኜ የገባሁ ቀን፣ ሻርጃ ኢንደስትሪያል ውስጥ ያለው የኬሚካል መጋዘናችን በር ሲከፈት ሽታው ዓይኔን አስለቀሰኝ። እንባዬን ጠርጌ ቀና ስል በየበርሜሉና በየጀሪካኑ ላይ ቡናማ ፕላስተር ተለጥፏል፣ ፕላስተሩ ላይ በማርከር ስም ተጽፏል። «ረሺድ»። «ረሺድ»። አልፎ አልፎ የሌላ ሰው ስም። ከዚያ እንደገና «ረሺድ»። እኔ ደግሞ ረሺድ የሚባል የኬሚካል ዓይነት አለ ብዬ በልቤ ያዝኩ። ለካ ሴልስማን ነው።

ሥራውን ያገኘሁት እውነት ተናግሬ ነው፤ ሙሉውን ግን አይደለም። ማኔጀራችን ሚስተር ጆርጅ «መጋዘን ሠርተህ ታውቃለህ?» ሲለኝ «አዲስ አበባ፣ ሳሙና ፋብሪካ መጋዘን ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ» አልኩት። የሠራሁት በሩ ላይ ነው፤ ዘበኛ ነበርኩ። በር ላይ ነው ወይስ ውስጥ ብሎ የጠየቀኝ የለም።

የማድረው ዱባይ፣ አል ቁሰይስ ነበር፣ ቢድ ስፔስ፤ ክፍሉ የጋራ ሆኖ አልጋ ብቻ የሚከራይበት። ጠዋት ጠዋት ከሻርጃ ወደ ዱባይ የሚሄደው መኪና ተጣብቆ ሲቆም፣ እኔ በተቃራኒው ወደ ሻርጃ እበራለሁ። በሕይወቴ ከሰው ቀድሜ የደረስኩት እንዲህ ሰው ሁሉ ወደ ሌላ በኩል ሲሄድ ብቻ ነው።

ቢድ ስፔስ የኖረ ሰው ፍሪጁን ያውቀዋል። ወተቱ ላይ ስም አለ፣ ዳቦው ላይ ስም አለ። እኔማ እንቁላሎቼ ላይ አንድ በአንድ ስሜን እጽፋለሁ። የክፍሉ ሰው «ታደሰ ጣለው ነው የሚመስለው» እያለ ሲስቅብኝ ይውላል። ይሳቅ፤ እንቁላሌን የነካ የለም። ስለዚህ መጋዘኑ ውስጥ ያን ሁሉ ስም ሳይ ብዙም አልገረመኝ። ቤቴ የገባሁ ነው የመሰለኝ።

ነገርየው እንዲህ ነው። አዲስ ዕቃ ሲገባ ሴልስማኖቹ ከፎርክሊፍቱ ቀድመው ይደርሳሉ። እያንዳንዱ «ለደንበኛዬ» ብሎ ስሙን ይለጥፋል። ደንበኛው ይዘዝ አይዘዝ አላህ ነው የሚያውቀው። የተለጠፈበት አይነካም። ሌላው ይመጣና «ዕቃ የለም» ይላል፣ ሚስተር ጆርጅ ተጨማሪ ይገዛል፣ አዲሱ ከፊት ይደረደራል፣ አሮጌው ከኋላ ይቀበራል። ቦታ ሲጠፋ ውጪ፣ ሸራ ሥር፣ በዚያ ፀሐይ።

ክሎሪን ደግሞ እንደ ኮስቲክ ሶዳ ታጋሽ አይደለም። ሙቀት ሲመታው ኃይሉ እየሞተ ይሄዳል። ከበጋው በኋላ ስትከፍቱት ይሸታል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ግን ሥራ የለውም። እንደኔ ማለት ነው፤ ድምፅ አለ፣ ጉልበት የለም።

«ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይውጣ» የሚል ሕግ ግድግዳው ላይ በትልቁ ተሰቅሏል። ከሥሩ የተቀመጠው ቀድሞ የገባው ነው። እንዳይወጣ አዲሱ ከፊቱ ታጥሮበታል።

ሚስተር ጆርጅ ችግር እንዳለ ገብቶታል፤ መፍትሔም ገዛ። ከዱባይ ኢንቨስትመንት ፓርክ ሸሚዙ የማይጨማደድ ሰውዬ መጣና ሲስተም ተከለልን። ለኔ ስካነር ሰጠኝ፣ ቢሮ ውስጥ ትልቅ ስክሪን ሰቀለ። ያለ ዕቃ አረንጓዴ፣ ያለቀ ዕቃ ቀይ። ሲስተሙ ጎበዝ ነው፣ ምን ያህል እንዳለን ያውቃል። ፕላስተር ግን አያነብም። ላይ ስክሪኑ እንደ መስከረም መስክ ለምልሞ፣ ታች እኔ አንድ ጀሪካን ለማውጣት ረሺድን እለምናለሁ።

እዚሁ ጎረቤት አጅማን ከተማ ትንሽ ላውንደሪ ያላት ዘይነባ የምትባል ደንበኛ ነበረችን። የወሎ ልጅ ናት፣ የከሚሴ። ማዳም ቤት ስታጥብ ኖራ ኖራ «ማጠቡ ካልቀረ ለራሴ ልጠብ» ብላ ከአንድ ሸሪክ ጋር የከፈተችው ነው። ዋና ሥራዋ የአንድ ክሊኒክ አንሶላ ነው። አንድ ጠዋት ደወለች።

«ጋሽ ታደሰ፣ ምንድነው የላክህልኝ?»

«ክሎሪን ነዋ።»

«ዋላሂ ክሎሪን አይደለም፣ ውኃ ነው። አንሶላው አመድ መስሎ ነው የወጣው።»

«ትንሽ ጨመር አርጊበት እስቲ።»

«ጨምሬ ጨምሬ ጨረስኩት። አሁን ማሽኑ ውስጥ ያልጨመርኩት አንተን ብቻ ነው።»

«ክሊኒኩ ምን አለ?»

ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ነገ ከሰዓት ይወስዱታል። እንዲህ ሆኖ ካገኙት ኸላስ፣ ለሌላ እንሰጣለን ብለዋል። እነሱ ከሄዱ በሩን መዝጋቴ ነው። አብረውኝ ያሉት ሁለት ሴቶችም፣ እኔም፣ ቪዛችን በዚህችው ላውንደሪ ነው። ታውቃለህ።»

አውቃለሁ። እዚህ አገር ቪዛው በሥራው ለታሰረ ሰው፣ ሱቅ ሲዘጋ የሚዘጋው ሱቁ ብቻ አይደለም።

«ነገ ጠዋት ትኩሱን አመጣልሻለሁ» አልኳት። ትኩሱ በሙሉ «ረሺድ» መሆኑ ትዝ ያለኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

ረሺድ ከሁሉም በላይ የሚሸጥ ሴልስማን ነው። ሽቶው ከክሎሪኑ ቀድሞ አፍንጫ ይደርሳል።

«ረሺድ ወንድሜ፣ ከዚህ አሁን ከገባው ጥቂት ጀሪካን ልውሰድ።»

«ለሆቴል ነው።»

«ሆቴሉ አዟል?»

«ያዝዛል።»

«መቼ?»

«ኢንሻአላህ።»

«ታዲያ እስኪያዝዝ ለላውንደሪዋ ልስጣት።»

«ከኋላ አለልህ አይደል? እሱን ላክላት።»

«የኋላው ሞቷል።»

«አንተ ደግሞ መቼ ሐኪም ሆንክ?»

ሚስተር ጆርጅ ጋ ወጣሁ። ጣቱን ወደ ስክሪኑ ቀሰረ። «ክሎሪን አረንጓዴ ነው። ሙሽኪላው ምንድነው?»

«ሰር፣ አረንጓዴው የረሺድ ነው።»

«ሲስተሙ ላይ ረሺድ የሚባል ነገር የለም።»

«ሙሽኪላው እሱ ነው፣ ሰር።»

«ከራሱ ጋር ተነጋገሩ። የሆቴሎቹን ሥራ የሚያመጣልን እሱ ነው» አለና ወደ አረንጓዴው ዞረ።

ወጥቼ የሰዒድ መኪና ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። ሰዒድ ሹፌራችን ነው፣ እሱም ወሎዬ፣ ቢድ ስፔስ ከኔ በላይ ያለው አልጋ ላይ የሚተኛ። ሁሉንም ነገርኩት። ለዘይነባ ምን ብዬ ልደውል?

«አብሽር» አለኝ። «ያቺ የቤታችን ምድጃ ትዝ ትልሃለች?»

እንዴት አትለኝም። አንዲት የኤሌክትሪክ ምድጃ ነበረች፣ የኔ ናት የኔ ናት እየተባለ ሰው ሊደባደብባት የደረሰ። ሦስት ስም ተጽፎባታል፣ አንዱ የኔ። አንድ ቀን ባለዲያ፣ የከተማው ማዘጋጃ ቤት፣ ቤት ለቤት ሊፈትሽ ነው፣ ክፍል ውስጥ ምድጃ ክልክል ነው ተባለ። ምድጃዋ እዚያው ባለቤት አልባ ሆነች። ሰው ሁሉ «የማን ናት?» እያለ ይጠይቃል። ስሜን በጥፍሬ ስፍቅ ሰዒድ ከላይ ሆኖ አይቶኛል።

ሰዒድ ጥፍሬን አየት አደረገ።

በማግስቱ ሴልስማኖቹ ሻይ ላይ ተሰብስበው ሳለ ገባሁና እንደ ዋዛ «ባለዲያ የኬሚካል መጋዘን ሊፈትሽ ነው አሉ» አልኩ።

«መቼ?» አለ አንዱ።

«እኔ ምን አውቄ። ያረጀ ዕቃ ካገኙ ስሙ የተጻፈውን ሰው ነው የሚይዙት መሰለኝ። እኛ እንኳ ቀሎልናል፣ ስሙ ተጽፎ ተቀምጧል።»

ረሺድ ሻዩን አልጨረሰም።

ፕላስተር ሲላጥ የሚያወጣውን ድምፅ ታውቁት የለ? መጋዘኑ ሙሉ እሱ ሆነ። ረሺድ እጅጌውን ሰብስቦ በሁለት እጁ ይልጣል፣ ሽቶው በላብ ተሸንፏል።

«ረሺድ፣ ይሄ ያንተ አይደለም እንዴ?»

«የኔ? የኩባንያው ነው።»

«የኋላውስ?»

«እሱንማ ጭራሽ አላውቀውም።»

«እንግዲያው ከፊተኛው ልጫን?»

«ያላ፣ ጫን። እኔን ምን ታስፈቅደኛለህ? ስቶር ኪፐሩ አንተ አይደለህ?»

ከተቀጠርኩ ጀምሮ ይሄን የነገረኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

አጅማን ስንደርስ ዘይነባ በር ላይ ቆማለች። ሰላም እንኳ አላለችንም። ጓንቷን አጥልቃ ለካች፣ ማሽኑ ውስጥ ጨመረች፣ አስነሳች። እኔ፣ ሰዒድና ሁለቱ ሴቶች አንሶላው ሲሽከረከር በማሽኑ መስኮት እናያለን፤ ዜና የሚያይ ሰው እንደዛ አያፈጥም። ሲወጣ ዘይነባ ወደ ደጅ ይዛው ወጣችና በፀሐይ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችው።

«ይሄ ነው ክሎሪን» አለች። ከዚያ እኔን ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ሸሚዝህንም አውልቅና አምጣው። እሱም ክሊኒክ ያስፈልገዋል።»

ከሰዓት ክሊኒኩ መጥቶ አንሶላውን ወሰደ። ምንም አላሉም። ከነሱ ምንም አለማለት ምርቃት ነው አለች ዘይነባ።

እኔ ፕላስተሩ በተላጠበት ቦታ ዕቃው የገባበትን ቀን ለጠፍኩ። አሮጌውን ወደ ፊት፣ አዲሱን ወደ ኋላ አዞርን። የሞተው ተለይቶ ለሚያስወግዱ ሰዎች ተሰጠ። ፀሐይ ላይ የነበረው ወደ ውስጥ ገባ፤ ለካ ቦታ ነበረ። ሚስተር ጆርጅም «ዕቃ የለም» የሚለው ስላጣ መግዛቱን ቀነሰ። ለኩባንያው ባለቤት ግን «ሲስተሙ ሠራ» ብሎ ነገረው። ስክሪኑ ፊት ኬክ ተቆረጠ፣ ሸሚዙ የማይጨማደደው ሰውዬ ንግግር አደረገ። ለኔም ከጥጉ ቆርሰው ላኩልኝ፣ ክሬም የሌለበት በኩል።

ይሄ ሁሉ ካለፈ በኋላ ባለዲያ የምር መጣ። ክው አልኩ፤ የገዛ ውሸቴ መታወቂያ አንጠልጥሎ በር ላይ ቆመ። ተቆጣጣሪው ቀኖቹን አነበበ፣ አሲዱ ከክሎሪኑ ርቆ መቀመጡን አየ፣ ደህና ነው አለ። ከዚያ «የዚህ መጋዘን ኃላፊ ማነው?» ብሎ ጠየቀ።

ረሺድ ጠቆመኝ። ሚስተር ጆርጅ ጠቆመኝ። ሰዒድ እንኳ፣ የገዛ ወገኔ፣ ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት ጠቆመኝ።

ስሜ አሁን መጋዘኑ በር ላይ ተለጥፏል። በር ላይ ጀምሬ ይኸው በር ላይ ደረስኩ።

ስቶር ለምትገቡ ልጆች፦ ዕቃው ላይ የገባበትን ቀን ጻፉ። የሰው ስም በሩ ላይ አንድ ይበቃል። እንቁላል ግን ሌላ ነገር ነው።