በስንዝር ያጠረው ጣሪያ

ባለፈው ሳምንት ሚዛን ከተማ መናኸሪያው አጠገብ ዝናቡ ሲያባራ አንድ የቡና ጭነት መኪና ሾፌር ሸራውን አውልቆ አጥር ላይ ሲያሰጣ አገኘሁት። ፀሐይ ስትነካው ከሸራው ላይ እንፋሎት መነሣት ጀመረ። ሽታው፣ ያ የሰም፣ የላምባና የእርጥብ አቧራ ድብልቅ፣ እግሬን አሰረው። ገበያ ልሄድ ወጥቼ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

«እናት፣ የጠፋብሽ ነገር አለ?» አለኝ ሾፌሩ።

«የለም» ብዬው አለፍኩ። የጠፋብኝ ነገር ግን ነበር።

ያደግነው ቴፒ ነው። አባቴ የቡና እርሻ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበር። ከሥራ ሲመለስ ሌላ ሥራ ይጀምራል፤ ጓሯችን ውስጥ፣ ማንጎው ሥር ባቆመው የቆርቆሮ መጠለያ፣ የራሱን መኪና ይሠራ ነበር። ሻንሲዋ ከአንዲት ከተገለበጠች ትንሽ መኪና የተረፈ ነው፣ ሞተሯ ከሌላ የመጣ፣ አካሏ ደግሞ እሱ ራሱ እየቀጠቀጠ ያጎበጠው ላሜራ። የምትይዘው ሦስት ሰው ብቻ ነበር፤ ሁለት ከፊት፣ አንድ ከኋላ፣ እሱም ጉልበቱን ታቅፎ። ጣሪያ አልነበራትም። ቴፒ ላይ ደግሞ ዝናብ የማይጥልበትን ወር ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ጎረቤቶቻችን «መኪና ነው ወይስ የውሃ ገንዳ?» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

የሚሠራት ለእናቴ ነበር። እናቴ የማሻ ከተማ ልጅ ናት፤ ታላቅ እህቷ እዚያ ትኖራለች። አውቶቡስ ግን አይስማማትም። መስኮቱ ተዘግቶ ሰው ከተጨናነቀ ገና ከከተማ ሳትወጣ ያስመልሳታል፤ ስለዚህ ለዓመታት አልሄደችም። አባባ ሲበራ የሚከፈት፣ ሲዘንብ የሚዘጋ መኪና ሠርቶ ለመስቀል ሊወስዳት ቃል ገብቶላት ነበር።

እህቴ ከእኔ በሁለት ዓመት ታንሳለች። ያኔ እኔ አሥራ ዘጠኝ፣ እሷ አሥራ ሰባት ነበርን። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን አልጋ ላይ ወርውራ በቀጥታ ወደ ጓሮ ነው። አባባ መኪናዋ ሥር ተኝቶ እጁን ብቻ ይዘረጋል፤ ምን እንደሚፈልግ አይናገርም። እሷ ታውቀዋለች። መፍቻም ይሁን ጨርቅ፣ የፈለገውን መዳፉ ላይ ታኖርለታለች። እኔ በኩሽናው መስኮት ያንን እጅ አያለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዕድሜዬ ያንን የተዘረጋ እጅ ያህል ያስቀናኝ ነገር የለም።

እንግዳ ሲመጣ «ስለ መኪናዋ መሐንዲሷ ትንገራችሁ» ይላል። እኔን የሚጠራኝ «ትልቋ» ብሎ ነው። ትልቋ፣ ሻይ አምጪ። ትልቋ፣ የሸሚዜ ቁልፍ ወልቋል።

እኔም ሙያ ነበረኝ። ገበያው መንገድ ላይ ካለ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሁለት ዓመት ተምሬ፣ በእናቴ ባለ ፔዳል የስፌት መኪና የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም በረንዳ ላይ እሰፋ ነበር። ድሮ ቤታችን ውስጥ «መኪናዋን አንሡ፣ ዝናብ መጣ» ከተባለ የእኔዋ መኪና ማለት ነው። በኋላ ግን ያ ቃል ሲነሣ ሁሉም ወደ ጓሮ መሮጥ ጀመረ። አንድ ቀን የእኔዋ በረንዳ ላይ ተረስታ ዝናብ መታት። ዘይት እየቀባኋት አለቀስኩ። ማንም አላየኝም።

ክረምቱ ሲጋመስ የጣሪያው ነገር መጣ። አባባና እህቴ ሦስት ቱቦዎች እንደ ቅስት አጉብጠው ወደ ኋላ እንዲታጠፉ አድርገው ገጠሟቸው። ቅስቶቹ የሚለብሱትን ሸራ ለአባባ አንድ ሾፌር ወዳጁ ከጅማ አመጣለት። አንድ ቁራጭ ብቻ ነበር፤ ቢበላሽ ለመስቀል የሚደርስ ሌላ የለም። ስፌቱ የእኔ ሥራ ሆነ። በመጨረሻ ወደዚያች መኪና የሚያስገባኝ በር ተከፈተ ብዬ ነበር። አባባ ግን «መሐንዲሷ ለክታ ትሰጥሻለች» አለኝ።

እህቴ ስትለካ በመስኮቱ እያየኋት ነበር። ሜትሩን ከፊት መስታወቱ ጫፍ እስከ ኋላ በቅስቶቹ ሥር አሳልፋ ቀጥ አድርጋ ወጠረችው። ሸራው የሚያልፈው ግን በቅስቶቹ ላይ ነው። የሰው ትከሻ ሲለካ ሜትሩ ጉብታው ላይ ይተኛል፤ ይህን ስፌት በጀመረ በሳምንቱ ማንም ያውቀዋል። ቁጥሮቹን በሲሚንቶ ወረቀት ጽፋ እየሮጠች አመጣችልኝ።

«እርግጠኛ ነሽ?» አልኳት።

«ሁለቴ ነው የለካሁት።»

«እሺ» አልኩ። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ሸራውን ወለል ላይ ዘርግቼ በጠመኔ አሰመርኩና ቆረጥኩት። መቀሱ እያንዳንዱን እርምጃ ሲጓዝ አሁንም ማቆም እንደምችል አውቅ ነበር። አላቆምኩም።

አራት ቀን ሰፋሁት። መርፌ እየተሰበረብኝ፣ ጣቴ እየደማ፣ ስፌቱን ግን አሳምሬ ሠራሁት። ማንም በስፌቱ እንዲያማኝ አልፈለግኩም።

የተገጠመው እሑድ ከቸርች መልስ ነው። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቧል። በኋላ በኩል ያሉት የብረት ቁልፎች ጠቅ ጠቅ እያሉ ገቡ፤ ሰው አጨበጨበ። አባባ ሸራውን በቅስቶቹ ላይ አሳልፎ ወደ ፊት ሳበው። መስታወቱ ጋ ሳይደርስ ቆመ። አንድ ስንዝር ቀረው።

«ሸራ እኮ ነው፣ ይለጠጣል» አለ አንዱ፤ ሦስት ሆነው ሳቡት። ቱቦው ሲጢጥ አለ።

«ተዉት፣ ይቀደዳል» አለ አባባ። ሜትሩን አንሥቶ በቅስቶቹ ላይ አስተኝቶ ለካ፤ ከዚያ ወረቀቱን አየ። እህቴም አየች። ፊቷ ላይ ደም አልቀረም።

«እኔ ነኝ የለካሁት» አለች ማንም ሳይጠይቃት።

«መሐንዲሷ፣ ለበግ ነው እንዴ የለካሽው?» አለ አንድ ጎረቤት፤ ሰው ሳቀ። አባባ አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና እጁን ሊታጠብ ሄደ። እህቴ ሰው ተበትኖ እስኪያልቅ መኪናዋን ተደግፋ ቆመች።

ደስ አለኝ። ይህን ብደብቃችሁ የቀረውን ባልነግራችሁ ይሻላል። ምሳዬንም በደንብ በላሁ።

ከሰዓት በኋላ አባባ በረንዳው ላይ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «ትልቋ፣ ይሄ ነገር ይድናል?»

«ይድናል። ቅጣይ ይገባበታል» አልኩት። የድሮ አረንጓዴ የዝናብ ካፖርቱን አመጣልኝ፤ ጀርባውን ቆርጬ በሸራው መሐል ቀጠልኩት። ስሰፋ እሱ የሸራውን ክብደት ይዞልኝ ነበር። እጄን ስዘረጋ መቀሱን ያቀብለኛል። የተመኘሁት ሁሉ ይኸው ተፈጸመ። እህቴ ጓሮ ውስጥ ብቻዋን መፍቻዎቹን ትጠርግ ነበር።

ለመስቀል መሄጃው ሲደርስ ሦስተኛው ሰው ማን ይሁን ተባለ። «ትልቋ ትምጣ» አለ አባባ። «ቢያፈስ እሷ ታውቅበታለች።» እህቴ ቤት ለመጠበቅ ቀረች። የግቢውን በር የከፈተችልን እሷ ናት። «ዳገቱ ላይ በሁለተኛ ማርሽ አቆየው አባባ፤ ይሞቃል» አለችው። እኔን አላየችኝም።

መንገዳችን ላይ ያለችው ጌጫ ሳንደርስ ዝናቡ ወረደ። ጣሪያው ያዘው፤ በቅጣዩ ስፌት ብቻ ጠብ ጠብ እያለ አንገቴ ላይ ይወርዳል። ከኋላ ጉልበቴን ታቅፌ የአባባን ማጅራት እያየሁ ሄድኩ። ማሻ ደረስን። እናቴና እህቷ ተቃቅፈው እያለቀሱ ወደ ቤት ገቡ። አባባ ጭቃውን ከጎማው ላይ በእንጨት እየፋቀ ጠራኝ።

«ትልቋ፣ የሰው ትከሻ ስትለኪ ሜትሩ በየት ነው የሚያልፈው?»

«በላይ።»

«ወረቀቱን ስታዪ ታዲያ አላነሰብሽም?»

ዓይኔን ጭቃው ላይ ተከልኩ። እሱም ትንሽ ፋቀና ቀና አለ።

«እኔ አልነግራትም። አንቺ ራስሽ ትነግሪያታለሽ» አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ይዞኝ የመጣው ለዚህ ኖሯል።

አልነገርኳትም። ያን ዓመት እህቴ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ቅጽ መጥቶላት ሳለ ሌላ ነገር ሞላች፤ የጽሕፈት ሥራ ትምህርት።

«አንድ ጣሪያ እኮ ነው ልጄ» አላት አባባ።

«አንድ ጣሪያ አይደለም አባባ። ልክ አይሆንልኝም። ሰው ሁሉ ፊት ነው ያየሁት።»

አባባ በጠረጴዛው ማዶ እኔን አየኝ። ዓይኔን ሰበርኩ። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት እንዲያ እንዳየኝ! እናቴ በዓመቱ ታማ ሞተች፣ አባባም መኪናዋን ከጓሮ አላወጣትም። እሱ ራሱ ሊሞት ሰሞን አልጋው አጠገብ ስቀመጥ «ነገርሻት?» አለኝ። «አዎ» ብዬ ዋሸሁት። እጄን ጨበጥ አደረገ።

ባለፈው ሳምንት፣ የሾፌሩን ሸራ ካየሁ በኋላ፣ ገበያውን ትቼ እህቴ ቤት ሄድኩ። ሚዛን ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ትሠራለች። የተበላሸ ካውያ ፈታታ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ነበር፤ የጎረቤት ነው፣ ሁሉም ለእሷ ያመጣሉ። ሳልቀመጥ ነገርኳት። በመስኮት እንዳየኋት፣ እያወቅኩ እንደቆረጥኩት፣ ሁሉንም።

እጇ ላይ ያለው ካቻቢቴ ቆመ።

«አባባ ያውቅ ነበር?»

«ማሻ ላይ ጠየቀኝ። ንገሪያት አለኝ።»

አንዲት ብሎን አነሣች፣ ቦታዋ ላይ አኖረቻት፣ ቀስ ብላ አጠበቀቻት። «ውጪ» እስክትለኝ ጠበቅኩ። ሌላ ብሎን ስታነሣ ቦርሳዬን ያዝኩ።

«ቁጭ በይ» አለችኝ። «ማሻ የሄዳችሁ ቀን እኔ በር ላይ ነበር ቆሜ የዋልኩት። ሁልጊዜ አንድ ነገር ልጠይቅሽ እፈልግና ቅናት እንዳይመስልብኝ እተወዋለሁ። መንገድ ላይ እማዬ እንዴት ነበረች?»

ነገርኳት። ጌጫን አልፈን ዝናቡ ሲያባራ አባባ መኪናዋን አቁሞ ጣሪያውን ወደ ኋላ እንዳጠፈው፣ ንፋሱ የእማዬን ሻሽ ፈትቶ እንደወሰደው፣ አንዴም እንዳላስመለሳት። ቀርከሃው በሁለት በኩል መንገዱን ሲዘጋው እማዬ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ እንደሳቀች።

«ሳቀች? እማዬ?»

«ጮክ ብላ።»

እናታችን አፏን በነጠላ ሸፍና ፈገግ ትል ነበር እንጂ፣ ድምፅ አውጥታ ስትስቅ እህቴ ሰምታት አታውቅም።

«እንዴት አድርጋ?» አለችኝ።

ላሰማት ሞከርኩ። የወጣው የራሴ ሳቅ ነበር። እህቴ ካቻቢቴዋን አስቀምጣ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች። እንደገና ሞከርኩ።