ከጠረጴዛው ሥር የነበረ እጅ

«ታዲያ ግራ እጅህ ከጠረጴዛው ሥር ምን ይሠራ ነበር?»

«ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ቀስ በል። እትዬ እየሰማች ነው» አለኝ ጓደኛዬ።

«ትስማ።»

ታላቅ እኅቴ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የልብ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ወረቀቷን ይዛለች። ልቧ ቆሞ ደሟን ፓምፕ እንደሚያዞርላት ከሰማች ወዲህ መሄድ ፈርታ ነበር። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ሓድነት ሰፈር፣ ጓደኛዬ በተከራያት ክፍል፣ ለትምህርቱ የሠራውን ትንሽ ፓምፕ ያሳየን ለዚህ ነው። ከጎኑ ባለው ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሲጎድል ፓምፑ በራሱ ፍጥነቱን መቀነስ አለበት፤ ካልቀነሰ አየር ይስብና ወደ ታማሚው ደም ይሰድዳል። ያን ቀን ውሃው ሲወርድ ፓምፑ ዝግ አለ፣ ሲሞላ ፈጠነ። ጓደኛዬ በቀኝ እጁ ውሃውን እያመለከተን ነበር። ግራውን አላየሁም።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ እኅቴን «ሰው ይደክመዋል፤ ይሄ አይደክመውም፤ ሰው አያስፈልገውም» አልኳት። በወረቀቷ ጀርባም ስለ ፓምፑ አራት ስንኝ ጻፍኩላት። በማግስቱ «ለቀዶ ሕክምናው እሄዳለሁ» አለች።

ዛሬ ደግማ ልታየው ፈለገች። እሱ ሻይ ሊያመጣ ሲወጣ እኔው ከፈትኩት። ውሃው ጎደለ፤ ፓምፑ በዚያው ፍጥነት ቀጠለ፤ ቱቦው በአረፋ ተሞላ። ጎንበስ ስል ከጠረጴዛው ሥር በሽቦ የተንጠለጠለ የፍጥነት ማዞሪያ አገኘሁ። ያኔ ነው ሦስት ብርጭቆ ይዞ የገባው።

«ስኳሩ ነው» አለ በመጨረሻ። ውሃው ደም እንዲመስል ከርከዴ ያፈላሁት እኔ ነኝ፤ እንደ ደም እንዲወፍር ስኳር ያበዛበት እሱ። ከፍታውን የሚለካው ተንሳፋፊ ተጣብቆ ቀርቷል። «ልትመጡ ስትሉ ነው ያወቅኩት። እንድትረጋጋ ብዬ በእጄ አዞርኩት። የሆስፒታሉ እንደዚህ አይደለም፤ አጠገቡም ባለሙያ ይቆማል።»

«ሰው ያየዋል?» አለች እኅቴ።

«አዎ እትዬ። ዐይኑን ሳይነቅል።»

ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ሰው አያስፈልገውም አልከኝ።»

«እሱ አሳየኝ እኮ።»

«እኔ እሱን መቼ አመንኩ? አንተን ነው። ነገር ያያል ብዬ።»

ወደ ጓደኛዬ ዞርኩ። ግጥም ጽፌ መጀመሪያ የማነብለት ሰው ከፊቴ ቆሟል፤ ዐይኑ ብርጭቆዎቹ ላይ ነው።

እኅቴ የቀጠሮ ወረቀቷን ከፓምፑ አጠገብ አኖረችው፣ ግጥሜ ያለበትን ገጽ ወደ ላይ አድርጋ።

«እትዬ፣ ሻይሽ» አላት ጓደኛዬ።

ወረቀቷን እዚያው ትታ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። የቆርቆሮው በር ከኋላዋ ተዘጋ።