የእንግዳው ጫማ

እህቴ ሐጀራ በሦስት ዓመቷ የቤት ሥራ ነበራት። እንግዳ ሲመጣ በር ላይ ያወለቀውን ጫማ ታነሳና አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙራ ጎን ለጎን ታስቀምጣለች፤ እንግዳው ሲነሳ ሳይቸገር አጥልቆት እንዲሄድ ነው። እናታችን ዓሊማ ይህን ደንብ ከወሎ፣ ከእናቷ ቤት ይዛው እንደመጣች ትናገራለች። ሥራው መጀመሪያ የእኔ ነበር፣ ከዚያ የወንድሜ የኸሚስ ሆነ፣ ከዚያ ወደ ሐጀራ ወረደ። እኔና ኸሚስ እያማረርን ነበር የምንሠራው። ሐጀራ ግን ወደደችው። የእንግዳው ሻይ ከግማሽ በታች ሲወርድ እሷ በር ላይ ናት።

አባታችን መንሱር የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበር። በወር አንድ ቀን፣ ከበዛም ሁለት ቀን አቃቂ ብቅ ይላል፣ ይተኛል፣ ይሄዳል። አንድ ጊዜ እንደዚሁ መጥቶ ሻይ ሲጠጣ ሐጀራ ፊቱ ሄዳ ቆመችና እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ «ጫማዎት ተዘጋጅቷል» አለችው።

አባዬ በሳቅ ሞተ። ወሬውን እስከ ሚሌ ድረስ ባለ ሻይ ቤት ሁሉ እንዳወራው በኋላ ሰምተናል። እማዬ ግን አልሳቀችም። የያዘችውን ማንቆርቆሪያ አስቀመጠችና ሐጀራን፣ «ይሄ ማነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«እንግዳው ነዋ» አለች ሐጀራ።

እማዬ ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትፈልገው፤ አባዬና ሐጀራ ሦስት ቀን ሙሉ፣ ሌላ ሥራ ሳይገባባቸው፣ አብረው እንዲውሉ። ይህን ፍላጎቷን ለማንም አልነገረችም። እኔም የተረዳሁት ቆይቶ ነው፤ በዚያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፣ የሚታየኝም የራሴ ጉዳይ ብቻ ነበር።

እማዬ እዚያው አቃቂ፣ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ክፍል ሠራተኛ ነበረች። በ1974 ዓ.ም. የሜይ ዴይ በዓል ላይ ኮከብ ሠራተኛ ተብላ ተሸለመች። መድረክ ላይ ሁለት ምርጫ ሰጧት፤ አንድ ትልቅ ሬዲዮ፣ ወይም ለአምስት ሰው ቤተሰብ ሶደሬ ሦስት ሌሊት፣ ምግብና ዋና ጭምር። እኔና ኸሚስ ከሕዝቡ መሐል «ሬዲዮ! ሬዲዮ!» እያልን ጮህን። እማዬ አየችን፣ በደንብ ሰማችን፣ ከዚያ ሶደሬን መረጠች። ሰፈሩ ሁሉ ተገረመ። ሦስት ሌሊት አልቆ ይሄዳል፣ ሬዲዮ ግን ይቀመጣል እየተባለ ለአንድ ወር ተመከረች። እኔ ለሁለት ሳምንት አኮረፍኳት።

እሷ ግን ወደ ዕቅዷ ገባች። ቀኑን ትምህርት ቤት በሚዘጋበት፣ ጥር 24 ላይ አስቆረጠች። ከዚያ ከፋብሪካ አንድ ሰፊ ወረቀት አምጥታ እንደ ክፍላቸው የፈረቃ ሰሌዳ አሰመረችው። ወደ ታች የአምስታችን ስም፣ ወደ ጎን ሦስቱ ቀኖች፣ እያንዳንዱ ቀን ደግሞ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ። ግድግዳው ላይ በዱቄት ሙጫ ለጠፈችው። ኸሚስ ጠዋት ዋና፣ ከሰዓት እረፍት። ሰዓደት፣ ማለትም እኔ፣ ጠዋት ልብስ ማጠብ፣ ከሰዓት ዋና። መዝናኛ ሄጄ ልብስ የማጥበው ለምንድነው ብዬ ብጠይቅ፣ «ፈረቃሽ ነው» ተባልኩ። በአባዬ መስመር ላይ ግን ዘጠኙም ሳጥን ውስጥ ያለው ጽሑፍ አንድ ነበር፤ «ከሐጀራ ጋር»።

ከዚያ የይለፍ ወረቀት ልታወጣ ቀበሌ ሄደች። ጸሐፊው «ለምን ጉዳይ ነው የምትሄዱት?» ሲላት «ለመዋኘት» አለችው። ሰውየው ብዕሩን ይዞ ብዙ አሰበ። እንዲህ ያለ ጉዳይ ጽፎ አያውቅም። መጨረሻ ላይ «ለሥራ ጉዳይ» ብሎ ማህተም መታበት። የዋና ልብሳችንን ከጨርቅ ቁርጥራጭ ራሷ ሰፋችው። የኸሚስ ቁምጣ ባለ መስመር የአንሶላ ጨርቅ ስለነበረ ሲለብሰው አልጋ የሚሄድ እንጂ ውሃ የሚገባ አይመስልም ነበር።

አባዬ ፈቃድ ጠይቆ ተፈቀደለት። ጥር 20 ላይ ከአሰብ ይመለሳል፣ ጥር 24 በጠዋቱ ባቡር አብረን እንሄዳለን። ይህም በሰሌዳው አናት ላይ በቀይ ተጽፏል።

ጥር 20 አለፈ። 21 እና 22ም አለፉ። በ23ኛው ቀን ከሊል የሚባል የአባዬ ባልደረባ ቃሊቲ ቤቱ ከመግባቱ በፊት መኪናውን በራችን ላይ አቆመ። ፊቱን ሳየው ገባኝ።

«ወደብ ላይ ተራ አልደረሰውም» አለ። «ነገ ቢጭን ከነገ ወዲያ ይወጣል። ሰላም ነው፣ ጤናውን ነው፣ ግን ለነገ አይደርስም።»

እማዬ በዚያው ቀን የፋብሪካው ሠራተኛ ማኅበር ቢሮ ሮጣ ሄደች። ቀኑ አንዴ ተቆርጧል፣ አይለወጥም አሏት። ስትመለስ አላለቀሰችም፣ ግን ነጠላዋን ሳታወልቅ ሰሌዳው ፊት ቆማ ቀረች። ሐጀራ መጥታ እግሯን ስታቅፋት እንኳ ጎንበስ አላለችም። ያኔ ስለ ሬዲዮው ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ ግን መልሼ ዘጋሁት።

ከዚያ ድንገት ዘወር አለችና ቃሊቲ ከሊል ቤት ሄደች። ከሊል በማግስቱ ወደ አሰብ የሚመለስ ነው። «መንገድ ላይ ለምታገኘው ሾፌር ሁሉ ንገርልኝ» አለችው። «መንሱር አቃቂ እንዳይመጣ። ከናዝሬት ወደ ሶደሬ ይታጠፍ።» የአሰብ ሾፌሮች መልእክት እንዲህ ነበር የሚሄደው። ሁለት መኪና ሲተላለፍ መብራት ይብለጨለጫል፣ ሁለቱም ይቆማሉ፣ አንዱ ለሌላው አደራ ይሰጣል።

የቀረው የአባዬ ባዶ ቦታ ነበር። እማማ አደሴ የሚባሉ ጎረቤት ነበሩን። አቃቂ ተወልደው ያደጉ፣ የእማዬ ፋብሪካ የቆመበት መሬት የአባታቸው የጤፍ ማሳ የነበረ። ቤት ሊጠብቁልን በጠዋት ከዘራቸውን ይዘው ሲመጡ እማዬ አየቻቸው። ጉልበታቸው ክረምት ከበጋ ያማቸው ነበር።

«እማማ አደሴ፣ ተነሱ፣ በመንሱር ቦታ እንሂድ» አለቻቸው። «ፍል ውሃው ለጉልበትዎ መድኃኒት ነው።»

«ዶሮዎቼስ?»

«ለጎረቤት በአደራ ይሰጣሉ።»

እማማ አደሴ ትንሽ አሰቡና፣ «ፋብሪካችሁ በአባቴ መሬት ላይ እስከዛሬ ምን ሰጠኝ? ይኸው ዛሬ ልቀበል» ብለው ነጠላቸውን አጣፉ። ዶሮዎቹ ለጎረቤት ተሰጡ፣ እኛም ናዝሬት ድረስ ባቡር ተሳፈርን፣ ከዚያ በአውቶቡስ ቀጠልን።

ሶደሬ ስንደርስ የእንግዳ መቀበያው ሰውዬ ወረቀታችንን ተቀብሎ ስም መጥራት ጀመረ። ዓሊማ። ሰዓደት። ኸሚስ። ሐጀራ። ሁላችንም አለን አልን። «መንሱር» ሲል እማዬ አንገቷን ደፋች። መዋሸት ስለማትችል ፊቷ ቀላ። ያኔ እማማ አደሴ ከኋላ ከዘራቸውን ከፍ አድርገው፣ «አለሁ!» አሉ።

ሰውየው ቀና ብሎ ከሻሻቸው እስከ ከዘራቸው አያቸው። እማዬን አየ። እማዬ መሬት መሬት ታያለች። «አቶ መንሱር፣ እንኳን ደህና መጡ» አለና ቁልፉን ለእሳቸው ሰጣቸው።

ስለ መጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ብዙ ማውራት እችላለሁ። ኸሚስ ባለ መስመሩን ቁምጣ ለብሶ ከመዝለያው ጣውላ ላይ ውሃ ውስጥ ሲዘል እሱ ቀርቶ ቁምጣው ብቻ ብቅ አለ። ጦጣ ከእጄ ላይ ዳቦ ነጥቃኝ ዛፍ ላይ ሆና እያየችኝ በላችው። እማዬ ሰሌዳውን ከግድግዳ ልጣ፣ ጠቅልላ ይዛው መጥታ ስለነበር እኔም ጠዋት ጠዋት ልብስ አጠብኩ። የአባዬን ፈረቃ የሚሸፍኑት እማማ አደሴ ነበሩ። ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ፍል ውሃው ዳር ይቀመጡና ሐጀራን ጭናቸው ላይ አድርገው በኦሮምኛ «ዋቀዮ፣ ዋቀዮ» ብለው አምላክን እየጠሩ በደስታ ያለቅሳሉ። ሁላችንም ተደሰትን። እማዬ ብቻ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ነበር የምትቀመጠው። ፈረቃ ባለቀ ቁጥር ከአባዬ መስመር ላይ አንድ ሳጥን ትሰርዛለች። ማክሰኞ ሦስት ሰረዘች፣ ረቡዕ ሦስት ሰረዘች።

ሐሙስ በጠዋት የትልቅ መኪና ጡሩንባ ሰማን። እማዬ የያዘችውን ብርጭቆ ጥላ ሮጠች፣ እኛም ተከተልናት።

አባዬ ዋናው በር ላይ ከዘበኛው ጋር ተፋጥጧል። ከራስ ፀጉሩ እስከ እግሩ አቧራ ነው። መልእክቱን ዘጠኝ ሾፌር እንደነገረው በኋላ አጫወተን፤ ከሚሌ ጀምሮ የሚያገኘው ሁሉ መብራት እያብለጨለጨ እያስቆመ «ሶደሬ!» ይለው ነበር።

«ስም ነግሬሃለሁ፣ መንሱር ነኝ» ይላል።

ዘበኛው ወረቀቱን ያሳየዋል። «መንሱር ማክሰኞ ገብተዋል።»

«እንዴት ማክሰኞ እገባለሁ? ማክሰኞ አሰብ ነበርኩ!»

«እኔ የማውቃቸው መንሱር ሴት ወይዘሮ ናቸው። ከዘራ ይይዛሉ። አሁን ፍል ውሃ ላይ ናቸው።»

እማዬ ባሌ ነው ብትል፣ እኔና ኸሚስ አባታችን ነው ብለን ብንጮህ ዘበኛው ፈገግ እያለ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ቀልድ የሚወድ ሰው ነበር። ጎንበስ አለና ሐጀራን ጠየቃት። «ትንሽ ልጅ አትዋሽም። ይሄ ሰውዬ ማነው?»

ሐጀራ ወደ ላይ አላየችም። ታች፣ ጨው የነጣበትን ጫማ ነበር ያየችው።

«ጫማውን አውቀዋለሁ» አለች። «የእንግዳው ነው።»

አባዬ መሳቅ ጀመረ፣ ግን ሳቁ መሐል ላይ ቆመ። እማዬን አያት። ያቺን ቃል በየሻይ ቤቱ እንደ ቀልድ ሲያወራት ከርሞ፣ እዚያ በር ላይ ነው የገባችው። ዘበኛውም ቀልዱን ተወና ወረቀቱን አጠፈ።

እማማ አደሴ ውሃ ከእግራቸው እየተንጠባጠበ ደረሱ። «እንግዲህ ባለቤቱ መጥቷል፣ እኔ ልውጣ» አሉ።

«ይቀመጡ» አለ ዘበኛው። «ለዛሬ ሁለት መንሱር አለን።»

አባዬ እንቅልፍ ካየ ሁለት ቀን ሆኖታል። አልጋውን ሲያይ ሊወድቅበት ነበር። እማዬ ግን ሰሌዳውን ዘርግታ የቀሩትን ሦስት ሳጥኖች በጣቷ አሳየችው። ዘጠኙን ሳጥን አንድ በአንድ አነበበ፣ የተሰረዙትንም ጭምር። ከዚያ ፊቱን ታጠበና፣ «ሐጀራ፣ ፈረቃዬ ነው፤ የት ነው የምንሄደው?» አላት።

ሁለት ቀን የከረመች ስለሆነች አስተናጋጇ እሷ ነበረች። አንድ ጣቱን ይዛ አዞረችው። «ይሄኛው ያቃጥላል። ይሄኛው አያቃጥልም። እሷ ጦጣ ሌባ ናት፣ ይጠንቀቁ።» አባዬ መዋኘት አያውቅም፤ ሱሪውን ጠቅልሎ ጥልቀት በሌለው ገንዳ ውስጥ ከሕፃናት ጋር ቆመ። እሷ ውሃ ስትረጨው ጮኸ፣ ደግማ ረጨችው፣ ደግሞ ጮኸ። ከሰዓት በኋላ ሣሩ ላይ ጋደም እንዳለ እንቅልፍ ጣለው። ያቺ ሌባ ጦጣ መጥታ ጫማውን ልትነካ ስትል ሐጀራ የእማማ አደሴን ከዘራ አንስታ አባረረቻት። ከዚያ ጫማውን አንስታ ጭኗ ላይ አቀፈችና እስኪነቃ ድረስ አጠገቡ ተቀመጠች። እማዬ ከሩቅ ሆና ታያቸው ነበር። ልቀሰቅሰው ስል እጄን ያዘችኝ።

ዓርብ ሁላችንም በአባዬ መኪና አቃቂ ገባን። እማማ አደሴ ጋቢና ውስጥ ተቀምጠው በየመንገዱ ለሚተላለፈው ሾፌር ሁሉ እጃቸውን አውለበለቡ። ቅዳሜ ጠዋት አባዬ ጭነቱን አራግፎ ወደ አሰብ መመለስ ነበረበት። ሻዩን ጠጣና ተነሳ። በሩ ላይ ጫማ አልተደረደረም። አንደኛው ጫማ ወድቆ አለ፣ ሌላኛው የለም።

ከአልጋ ሥር ፈለግን፣ ከሳጥን ኋላ ፈለግን። ውጭ መኪናው ሞተሩ ተነስቶ ይጠብቃል። ኸሚስ ግቢውን ዞረው። እማማ አደሴ በዶሮዎቻቸው ቤት በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ዶሮ ቤት ውስጥስ አይኖርም ወይ ብለን ስንጠይቃቸው፣ «ዶሮ ታቅፋለች፣ አትረብሹ» አሉና ከዘራቸውን በሩ ላይ ጋረዱት።

አባዬ ሐጀራ ፊት ተንበረከከ። እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ቆማለች።

«ሐጀራ፣ ጫማዬስ?»

«የለም» አለች። «አትሄድም። አባዬ፣ አትሄድም።»

እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሰሌዳው ተለጥፎበት የነበረው ቦታ ላይ የዱቄቱ ሙጫ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። አባዬ ሐጀራን አቅፎ ብዙ ቆየ። ሾፌር ሰው ነው፣ መሄዱ አልቀረም። ግን ጫማውን ፈልጉልኝ አላለም።

«እሷ ጋ ይቀመጥ» አለ።

በአንድ እግሩ ጫማውን፣ በሌላው የእማዬን ነጠላ ጫማ አድርጎ ጋቢና ላይ ወጣ። አሰብ ድረስ እንደዚያው ነዳ። በየሻይ ቤቱ እግሩን እያዩ ሲጠይቁት፣ «ልጄ ደብቃብኝ ነው» ይላቸው ነበር አሉ። እኔም ስለ ሬዲዮው ከዚያ ቀን በኋላ አንስቼ አላውቅም።