ያልሰጠነው «ኖር»

ከማስተምርበት ክፍል አውጥተው ሲወስዱኝ እጄ ላይ የጠመኔ ብናኝ ነበር። አምቦ ውስጥ ወጣቱ ሁሉ የሚታፈስበት ሰሞን ነው። በሩ ተከፍቶ ሲገፈትሩኝ መጀመሪያ ያየሁት ጉልበት ነው፤ እርስ በርሱ የተቆላለፈ የሰው ጉልበት። ክፍሏ ሽንትና እርጥብ ብርድ ልብስ ትሸታለች። የት እቆማለሁ እያልኩ ሳስብ፣ የተቀመጡት ሁሉ ግድግዳ እየተደገፉ ብድግ አሉ።

«ኖር!» አሉኝ።

መንገዱን ሙሉ ስሰደብ ነው የመጣሁት። እንደምንም «በእግዜር፣ በእግዜር» አልኩ። አለቀስኩም፤ በዚያ ጨለማ ማን ያየኛል።

ሥርዓቱን ያስያዙት ከጉደር በኩል የመጡ አዛውንት ነበሩ። ልጃቸው ያለበትን አልናገርም ብለው ነው የታሰሩት። ሁላችንም በኦሮምኛው ኦቦ እንላቸዋለን። ከሽንት ቤት ለሚመለስ ሰው እንኳ ብድግ ይባላል። እግራችን ደንዝዞ ስናጉረመርም፣ ቤታችሁ ብትሆኑ አትነሡም ነበር ወይ ይሉናል። እንነሣለን።

የጥበቃው ኃላፊ ይህን ሰማ። ከእንግዲህ የምትነሡት ለእኔ ብቻ ነው፣ ለሌላ የተነሣ ካለ ከቤተሰብ የሚመጣላችሁ ምግብ አይገባም አለን። በማግስቱ ሲገባ ተነሣንለት። ዝም ብለን ተነሣን፤ ኖር ያለው ሰው ግን የለም። ሳንማከር ያደረግነው ነው። ገብቶታል፣ ፊቱ ተለዋወጠ። ግን ቆመናል፣ ምን ይበል?

ያን ዕለት ኦቦን ለምርመራ ወስደው ቀትር ላይ መለሷቸው። ያነክሳሉ። ኃላፊው ማን እንደሚነሣ ሊያይ በሩ ላይ ቆመ። ከኋላው ምሳችን በየፔስታሉ ተደርድሯል፤ የባለቤቴን ቀይ ሳህን ለየሁት። የሽሮው ሽታ ክፍሏን አውዷታል፣ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስንም። ለበሩ የምቀርበው ደግሞ እኔ ነኝ። የሌሎቹን ምሳ ጭምር ላስቀር ነው ብዬ ፈራሁ። ኦቦ ግን ማንንም ሳያዩ፣ መሬት መሬቱን እያዩ ገቡ። እንድንነሣላቸው እንዳንገደድ ብለው ነው። ይሄን ሳይ አላስቻለኝም።

«ኖር፣ ኦቦ!» ብዬ ተነሣሁ። ከኋላዬ ክፍሏ በሙሉ ተነሣች።

«በእግዜር። ታኣ፣ ታኣ፣ ተቀመጡ ልጆቼ» አሉ። ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞር ብለው፣ «አንተስ ምነው በር ላይ ቆምክ? ግባ እንጂ ልጄ» አሉት።

በሩን ዘግቶ ሄደ። ምሳው አልገባም። በባዶ ሆዳችን የሳቅነውን ሳቅ ግን ሠርግ ቤት እንኳ ስቄው አላውቅም። በማግስቱ ምግቡ ገባ፤ ስለመነሣት ዳግመኛ የተናገረን የለም።

ከተፈታሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ክረምት ጤና ጣቢያ ወረፋ ስጠብቅ አንድ ከዘራ የያዘ ሰው ገባ። ሸብቷል፣ ከስቷል፤ ግን አወቅኩት፤ ያ የጥበቃ ኃላፊ ነው። አግዳሚው ሞልቷል፣ ቀና ብሎ ያየውም የለም። አልዋሽም፣ ልቤ ተቀመጥ ብሎኝ ነበር። ኦቦ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር ብዬ ሳስብ ግን አፈርኩ።

«ኖር» አልኩና ብድግ አልኩ።

ትክ ብሎ አየኝ። «በእግዜር» ሲል ድምፁ ሰለለ። ቦታዬን ለቅቄለት ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ማንም አላዘዘኝም፤ በጣም ደስ አለኝ።